ዓሣው ሲወጣ፣ አውሮፕላኑ ሲገባ

ማርች 5 ቀን 2006 ማታ፣ ሆሊውድ ኦስካሩን ሲያድል፣ ለምርጥ ዘጋቢ ፊልም ከታጩት አምስት ሥራዎች ሁለቱ በእንስሳ ስም የቀረቡ ነበሩ። አንዱ ስለ ወፍ፣ አንዱ ስለ ዓሣ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ በእኛው ስቆጥር «ዓ.ም.» እላለሁና አንባቢ እንዳይደናገር።) ወፉ አሸነፈ። የፈረንሳዊው የሉክ ዣኬ ቡድን የአሻንጉሊት ፔንግዊን ታቅፎ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ዓሣው ባዶ እጁን ቀረ።

የዓሣው ፊልም «የዳርዊን ቅዠት» ይባላል። የሠራው ኦስትሪያዊው ሁበርት ዛውፐር ሲሆን ለእይታ የበቃው በ2004 ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው ታንዛኒያ ውስጥ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በምዋንዛ ከተማ ላይ ነው። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፊልም አላየሁም» ይላል፤ ሌላው «ሰውዬው አታላይ ነው» ይላል። እኔ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ከሁለቱ ወገን ወዳንዱ ከመግባቴ በፊት ረጋ ብዬ ማየት እወዳለሁ። መቼም ስለ ተፈጥሮ ጥፋት የሚናገር ፊልም ሲመጣ «ጎበዝ፣ ዓላማው የተቀደሰ ነውና እናጨብጭብ» የሚል ነገር አለ። የተቀደሰ ዓላማ ግን ፊልም አያሳምርም። ቢያሳምር ኖሮ በየስብሰባው አዳራሽ የሚታዩት የዛፍ ተከላ ፊልሞች ሁሉ ኦስካር በወሰዱ ነበር።

ስለ ፔንግዊኖቹ ክፉ አልናገርም። አባትየው እንቁላሉን እግሩ ላይ አስቀምጦ፣ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፣ በአንታርክቲካ ክረምት ከሁለት ወር በላይ እህል ሳይቀምስ ቆሞ ሲታቀፍ ማየት ማንን አይነካም? የእንግሊዝኛውን ቅጂ ሞርጋን ፍሪማን በዚያ የአያት ድምፁ ይተርከዋል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ77 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይሁን፣ ይገባዋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን በዚያ ፊልም ውስጥ፣ የመጨረሻው የስም ዝርዝር እስኪመጣ ድረስ፣ ሰው የሚባል ፍጡር የለም። መርከብ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ገበያ የለም። ተመልካቹ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ በምንም ሳይከሰስ ወደ ቤቱ ይገባል።

ይህ ዓይነቱ ፊልም የሸላሚን ልብ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው አይደለም። የዣክ ኩስቶና የወጣቱ ሉዊ ማል «ዝምተኛው ዓለም» በ1956 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት፣ በ1957 ኦስካርን ወስዷል። የባሕርን ውስጥ በቀለም ለዓለም ያሳየ ድንቅ ሥራ ነው። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን የእነ ኩስቶ መርከብ አንዲት የዓሣ ነባሪ ግልገል ታቆስላለች፤ ደሙን ያሸተቱ ሻርኮች ይሰበሰባሉ፤ መርከበኞቹም ሻርኮቹን ወደ ላይ እየጎተቱ በመጥረቢያ ይፈጇቸዋል። በካሜራ ፊት፣ በጀግንነት ስሜት። ሽልማቱን አላስቀረባቸውም። ዛሬ ቢሆን ፊልሙ ከበር አያልፍም።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን በ1960 ኦስካር የወሰደው «ሴሬንጌቲ አይሞትም» ነው። የሠሩት የፍራንክፈርት መካነ እንስሳት ዳይሬክተር የነበረው በርንሃርድ ግርዚሜክና ልጁ ሚካኤል ናቸው። የሜዳ አህያ ተመስሎ በጥቁርና ነጭ በተዥጎረጎረ ትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ የሴሬንጌቲን እንስሳት ይቆጥሩ ነበር። 366,980 ብለው ቆጠሩ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1959 ሚካኤል ብቻውን ሲበር ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጨና ወደቀ፤ ዕድሜው ገና 24 ነበር። አባትየው ፊልሙን ለፍጻሜ አደረሰ። እንዲህ የተከፈለበትን ሥራ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ፊልሙ ሌላ ክርክርም አለው፤ ማሳዮችና ከብቶቻቸው በፓርኩ ውስጥ ቦታ የላቸውም የሚል። የእንግሊዝ አስተዳደር በዚያው በ1959 ማሳዮቹን ከሴሬንጌቲ አስወጥቶ ወደ ንጎሮንጎሮ በኩል አሻግሯቸዋል። ፊልሙ አባረራቸው አልልም፤ ነገሩ ቀድሞ የተበጠበጠ ነው። ግን ፊልሙ ከማን ጋር እንደቆመ ግልጽ ነው።

ካርታ የሚወድ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የሴሬንጌቲ ምዕራባዊ ጫፍ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይጠጋል፤ ከዚያ እስከ ምዋንዛ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው። በአንዱ ቦታ የተሠራው ፊልም ሰዎቹን ከሥዕሉ አውጥቶ ኦስካር ወሰደ። በሌላው የተሠራው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ሰዎቹን መልሶ አስገብቶ በዕጩነት ቀረ።

አሁን ወደ ዓሣው።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ከ68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጣናችንን ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ይውጠዋል። ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ኬንያ ይካፈሉታል። በዚህ ውኃ ውስጥ ከቆሮሶ ጋር የሚዛመዱ፣ ሲክሊድ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ነበሩ፤ ከአምስት መቶ በላይ ዝርያ። አንዱ አልጌ ይግጣል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይፈለቅቃል፣ አንዱ የሌላውን ዓሣ ቅርፊት ይቆነጥራል፤ እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው የሚፈለፍሉም አሉ። ለሥነ ፍጥረት ተመራማሪ ይህ ሐይቅ ገነት ነበር። ምዋንዛ ላይ ለዓመታት የሠራው የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ታይስ ጎልድሽሚት የጻፈው ግሩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስሙ «የዳርዊን የሕልም ኩሬ» ነው። ከዚህ ስም አጠገብ የዛውፐርን ርዕስ አስቀምጡትና ሕልሙ እንዴት ወደ ቅዠት እንደተገለበጠ ታያላችሁ።

ለቅኝ ገዢዎቹ የዓሣ ሹማምንት ግን ሐይቁ የሞላው እሾኻም እንቶ ፈንቶ ነበር። ትንንሾቹን በልቶ ሥጋ የሚያወጣ፣ ስፖርተኛም በመንጠቆ ሲጎትተው ደስ የሚለው ትልቅ ዓሣ አሰኛቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች የሚባለውን፣ ሲያድግ ሁለት ሜትር ሊደርስና ሁለት መቶ ኪሎ ሊመዝን የሚችለውን አዳኝ አምጥተው ጨመሩበት። «ተው፣ ይህ ነገር አይመለስም» ያሉ የሳይንስ ሰዎች ነበሩ፤ የሰማቸው የለም። ሃያ ዓመት ያህል ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓሣው በድንገት ሐይቁን ሞላው። ከሲክሊዶቹ ሁለት መቶ ያህል ዝርያዎች ከዓይን ጠፉ። ተመራማሪዎች ይህንን በዘመናችን ከታዩት የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት እልቂቶች ከትልልቆቹ ተርታ ያስቀምጡታል።

ናይል ፐርች ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጫሞና ዓባያ ውስጥ ከጥንት የኖረ ነው፤ ባሮ ውስጥም አለ። አርባ ምንጭ ወርዶ የዓሣ ኮተሌት ያዘዘ ሰው ሳያውቀው በልቶታል። በአገሩ ውኃ ከጎረቤቶቹ ጋር ተላምዶ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ጎረቤቶቹም ከእሱ መሸሽን ከጥንት ተምረዋል። ቪክቶሪያ ውስጥ ግን ማንም አልተማረም። እና ዓሣው «ክፉ» ስለሆነ አይደለም ነገሩ የተበላሸው፤ በባልዲ ይዞት የመጣው ሰው ነው።

ዛውፐር ይህንን ሁሉ በፊልሙ ውስጥ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ፊልሙ ስለ ዓሣው አይደለም ማለት ይቻላል። ስለ ሽምብራና ስለ ዓሣ ነው። እንዴት ማለት ጥሩ ነው። በ1997 ዛውፐር የኮንጎን ጦርነትና የሩዋንዳ ስደተኞችን ሥቃይ እየተከተለ «የኪሳንጋኒ ማስታወሻ» የሚለውን ፊልም ይሠራ ነበር። ያኔ ምዋንዛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁለት የጭነት አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ቆመው አየ። አንዱ ከአሜሪካ ለስደተኞች የተላከ የሽምብራ እርዳታ ጭኗል፤ ሁለተኛው ወደ አውሮፓ የሚሄድ የዓሣ ፊሌቶ። ከአብራሪዎቹ ጋር ተወዳጀ፤ እነሱም አንዳንዴ የሚያመጡት ጭነት ሽምብራ ብቻ እንዳልሆነ ነገሩት። ሽምብራ ገባ፣ ዓሣ ወጣ። አንድ ገጣሚ ይህን ቢያይ ሁለት ስንኝ ይበቃዋል። ዛውፐር ለጥቂት ዓመታት ወደዚያው እየተመላለሰ፣ በትንሽ ካሜራና ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ 107 ደቂቃ ሠራበት። ራሱ እንደተናገረው አንዳንድ ቦታ ለመግባት የአብራሪ ልብስ ለብሰዋል፤ በየፖሊስ ጣቢያው ሲጉላሉም ከርመዋል።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ትልቅ አውሮፕላን ጥላው በሐይቁ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ውስጥ እንገባለን። ተቆጣጣሪው መስኮቱ ላይ የምትበር አንዲት ነፍሳት ለመግደል ይጣጣራል። ይመታል፣ ይስታል፣ ይመታል። ከውጪ አውሮፕላን እየመጣ ነው። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ግን ይህች አገር የአየር በሯን እንዴት እንደምትጠብቅ ገብቶናል። ክፍል ውስጥ ስለ ምልክታዊነት አንድ ሰዓት ከማውራት ይህንን ሁለት ደቂቃ ማሳየት ይሻላል።

ሌላ ትዕይንት። የዓሣ ፋብሪካው ባለቤት ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፕላስቲክ ዓሣ አለው። ቁልፉን ሲጫኑት ዓሣው ጭራውን እየወዘወዘ «አትጨነቅ፣ ደስ ይበልህ» የሚለውን የታወቀ የእንግሊዝኛ ዘፈን ይዘፍናል። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ ንግዱን ያውቃል፣ እንግዳ ያከብራል። ፊሌቶውን የአገሬው ሰው መግዛት እንደማይችልም በተረጋጋ ድምፅ ይነግረናል። ከዚያ ካሜራው ፊሌቶው የተገፈፈለት ጭንቅላትና አጽም ወዴት እንደሚሄድ ይከተላል። በመኪና ተጭኖ፣ ሜዳ ላይ ተዘርግፎ፣ ትል በሚርመሰመስበት ጭቃ ውስጥ ሴቶች በእንጨት ላይ እያሰጡት፣ ተጠብሶ ለድሃው ይሸጣል። አንዷ ሴት ከሚበሰብሰው ዓሣ በሚወጣው ጋዝ ዓይኗን አጥታለች። እሷ ግን ስለ ዓይኗ ብዙም አታማርር፤ ሥራ በማግኘቷ ደስተኛ ናት። የፊልሙ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። አስለቃሽ ሙዚቃ የለም፤ «እነሆ ድህነት!» የሚል ተራኪ የለም።

የዓሣ ምርምር ተቋሙን በሌሊት የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ አለ። መሣሪያው ቀስትና መርዝ የተቀባ ፍላጻ ነው። ሥራውን ያገኘው ከሱ በፊት የነበረው ዘበኛ ስለተገደለ መሆኑን በፈገግታ ይናገራል። ደመወዙ ለአንድ ሌሊት አንድ ዶላር ገደማ። ጦርነት ቢመጣ ጥሩ ነው ይላል፤ መንግሥት ለወታደር በደንብ ይከፍላላ። ፊቱ በጨለማ ውስጥ በግማሽ ይታያል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከሼክስፒር ዘበኞች መካከል ቢያቆሙት አያፍርም።

አብራሪዎቹ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አገሮች የመጡ፣ ኢሊዩሺን የሚባለውን ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች ናቸው። ማታ ማታ ከከተማዋ ሴቶች ጋር ይጠጣሉ። ከሴቶቹ አንዷ ስለ አገሯ ትዘፍናለች፤ ኮምፒውተር መማር እንደምትመኝም ትናገራለች። ፊልሙ ሳያልቅ ይህች ልጅ በአንድ የውጭ አገር ደንበኛ መገደሏን እንሰማለን። ጓደኞቿ ቁጭ ብለው ቀደም ሲል የተቀረጸውን ምስሏን ያያሉ። ዛውፐር አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። የጎዳና ልጆቹም አሉ፤ ከዓሣ ማሸጊያው ፕላስቲክ እያቀለጡ ጢሱን ስበው አስፋልት ላይ የሚተኙት።

በፊልም ሥራ ዓይን እነዚህን ሁሉ ካየሁ በኋላ «ይህ ፊልም ሽልማት ይገባዋል ወይ?» ለሚለው አላመነታም። ይገባዋል። አውሮፓም በ2004 ምርጥ ዘጋቢ ፊልም ብላ ሸልማዋለች፣ ፈረንሳይም በ2006 ምርጥ የመጀመሪያ ሥራ ብላ ሴዛርን ሰጥታዋለች። ከዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ኦስካር ከወሰደው ከአል ጎር «የማይመች እውነት» ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ያ ፊልም ጥሩ መምህር ነው፤ ሠንጠረዡን ዘርግቶ ያስረዳል። የሚከራከረው ሰውም በሠንጠረዡ ላይ ይከራከረዋል። በ2007 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ ዘጠኝ ነጥቦችን ነቅሶ «እነዚህ ላይ ማብራሪያ ይጨመርና ለተማሪዎች ይታይ» ብሏል። ዛውፐርን እንዲህ ማረም አይቻልም። ዓረፍተ ነገር የለውማ! ሥዕልን ከሥዕል አጠገብ ያስቀምጣል እንጂ «ስለዚህ» አይልም። «ስለዚህ»ን የምንለው እኛ ነን።

ጭቅጭቁም የመጣው ከዚሁ ነው። ሥዕልን ከሥዕል አጠገብ ማስቀመጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላው ዓለም በተሻለ ያውቃል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በኦክቶበር 1973 የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ፊልም ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ለአገሬው ሰው በቴሌቪዥን አሳየ፤ ግን እንዳለ አላሳየውም። የሚሞተው ሕፃን ምስል መሐል የቤተ መንግሥቱ ድግስ እየገባ ተቀጣጠለ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ታላላቆቻችን ያን ማታ ያዩትን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን የሰፋው መርፌ ግን የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተሰፋ የጠየቀ በዚያ ሌሊት ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ የሚገባ ነበር፤ ሰፊዎቹ በኋላ ያደረጉትን አይተናልና።

ዛውፐር እንደ ደርግ ሥልጣን አልፈለገም፤ ንጽጽሬ እዚያ ድረስ አይሄድም። መርፌው ግን ያው ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ረሃብ እንደገባ የሚናገር ዜና ያሰማናል፤ ቀጥሎ በቶን የሚቆጠር ፊሌቶ ወደ አውሮፓ ሲጫን ያሳየናል። የአውሮፓ ኅብረት ልዑካን የፋብሪካዎቹን ንጽሕና ሲያሞግሱ ያሳየናል፤ ቀጥሎ ትል የሚርመሰመስበትን አጽም። እስከዚህ ድረስ ስፌቱን እቀበላለሁ፤ ሁለቱም ጨርቅ በእጃችን አለና ዳሰን ማየት እንችላለን። አንዱ ጨርቅ የማይታይበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም የጦር መሣሪያው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ጥያቄው ደጋግሞ ይነሳል፤ አውሮፕላኖቹ ዓሣ ሊጭኑ ሲመጡ ምን ይዘው ይመጣሉ? አንዱ «ባዶ» ይላል። አንዱ «አላውቅም» ይላል። አንድ የአገሬው ጋዜጠኛ «መሣሪያ ነው» ይላል። በ1990ዎቹ ወደ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ጦርነቶች መሣሪያ በአየር ይጎርፍ እንደነበረ የተባበሩት መንግሥታትም የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችም በሰፊው ጽፈውበታል። ፊልሙ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት የጥይት ሣጥን አያሳየንም። ሆኖም ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «ዓሣችንን በክላሽንኮቭ ነው የሚለውጡት» ብሎ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ፊልሙ ሲታይ «ይህን ዓሣ አንበላም» የሚል ንግግር እስከ መነሳት ደረሰ።

ፍራንሷ ጋርሶን የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር በዚህ ተቆጣ። በታወቀው «ሌ ታን ሞደርን» መጽሔት ላይ ጽፎ፣ በ2006 ደግሞ መጽሐፍ አሳትሞ ፊልሙን ሽብልቅ አስገብቶ ሊፈልጠው ሞከረ። መሣሪያው የት አለ? ዓሣው ለስንት ሺህ ሰው እንጀራ እንደሆነስ ለምን አልተነገረም? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ጋርሶን ግን እዚያ አላቆመም፤ ዛውፐር የጎዳና ልጆቹን ከፍሎ አስተውኗል የሚል ክስ ጨመረበት። ዛውፐር በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ በ2008 ፓሪስ ላይ ረታው፣ በ2009 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የዛውፐር ደጋፊዎች ይህንን ፍርድ ይዘው «ፊልሙ ነጻ ወጣ» ይላሉ። ነጻ የወጣው ዛውፐር ከዚያ ከአንዱ ውንጀላ ነው። የሣጥኑ ጥያቄ ፍርድ ቤት አልቀረበም።

ምዋንዛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በ2006 የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጃካያ ኪክዌቴ ፊልሙ የአገራቸውን ስም አጠፋ፣ የዓሣ ንግዱን ጎዳ ብለው በይፋ አወገዙት። ከተማዋ ውስጥ ሰልፍ ተወጣ። በፊልሙ ላይ የተናገረው ጋዜጠኛ ለፖሊስ ጥያቄና ለማስፈራሪያ ተዳረገ። ዛውፐር አውሮፓ ነው፤ ሽልማቱን ይቀበላል። የተናገረው ሰው እዚያው ነው። ይህንን ሳስብ ከኦስካሩ ይልቅ ይሄ ይከነክነኛል። አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ከማንም በላይ ዕዳ ያለበት ፊቱን ላዋሰው ሰው ነውና፣ ሥዕሉ የሚያመጣውን መዘዝ አስቀድሞ ማስላት የሙያው ክፍል እንጂ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። መንግሥትም ቢሆን ሰውን በተናገረው ከማሸማቀቅ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ከፍቶ መዝገቡን ማሳየት ይቀለው ነበር።

ፊልሙ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። ሐይቁን የገደለው ናይል ፐርች ብቻ አይደለም። ከእርሻውና ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽ ውኃውን አወፍሮታል፤ አልጌው ሲበዛ ጥልቁ ኦክስጅን አጥቷል፤ ውኃው ሲደፈርስ ሲክሊዶቹ በቀለም የሚለዩትን የትዳር ጓደኛ መለየት እስኪያቅታቸው ደርሰዋል። (ዓሣም በጭጋግ ቀን የማይሆን ሰው ሊያገባ ይችላል ማለት ነው።) ይህ ግን ካሜራ ፊት ቆሞ አይናገርም፤ ክፉ ሰው የለውም፣ አውሮፕላን የለውም። ዛውፐር ለታሪኩ አንድ አውሬ ያስፈልገው ነበርና አንድ አውሬ መረጠ። ልቦለድ ጸሐፊ ቢሆን ማንም አይጠይቀውም።

እና ፍርዴ ምንድነው? ፊልሙ እንደ ሲኒማ ከዚያ ዓመት ዕጩዎች ማንንም የሚያስንቅ ነው፤ ፔንግዊኖቹንም ጭምር። የሚጎድለው እውነት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ሣጥኑን ማግኘት ካልቻለ «አላገኘሁም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይችል ነበር፤ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣበት ቦታ ሞልቶታል። ያንን ቢያደርግ ፊልሙ አይዳከምም ነበር፤ የጋርሶንም ሆነ የኪክዌቴ ዱላ የሚያርፍበት ጀርባ ባላገኘ። የኋላ ሥራዎቹን ሳይ ትምህርቱን የወሰደ ይመስለኛል። በ2014 በደቡብ ሱዳን ላይ የሠራው «እንደ ወዳጅ መጣን» ራሱ በሠራት ትንሽ አውሮፕላን እየበረረ የቀረጸው ነው። እዚያ ላይ ቢያንስ ከሰማይ የወረደው ባዕድ እሱ ራሱ መሆኑን አልደበቀንም።

ሐይቁ አሁንም አለ። ከጠፉት ሲክሊዶች አንዳንዶቹ ናይል ፐርች በብዛት ሲጠመድ ብቅ ብቅ ብለዋል። የናይል ፐርቹ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል፤ በሆዱ ውስጥ ያለችው የአየር ከረጢት ቻይናና ሆንግ ኮንግ በከበረ ዋጋ ትፈለጋለች፤ በኪሎ ሲሰላ ከፊሌቶው በላይ ታወጣለች። ዓሣው ትልቅ በሆነ ቁጥር ከረጢቷም ትልቅ ናትና የሚፈለገው የሚወልደው ትልቁ ዓሣ ነው። ፊልም ሠሪ ቢሄድ ታሪክ አያጣም።

ከሄደ ግን «የዳርዊን ቅዠት» ውስጥ አንድ ቦታ አለ፣ እሱን አይቶ ይሂድ። ከፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ነው። ካሜራው አንዱን አብራሪ ይዞታል። ሰውየው ሲጠየቅ ሲሸሽ፣ ሲቀልድ ቆይቶ አሁን ዝም ብሏል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በማይገራለት እንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ ታንክ ወደ አንጎላ እንዳደረሰ፣ ሲመለስም ከጆሃንስበርግ ወይን ጭኖ ወደ አውሮፓ እንደበረረ ይናገራል። የዓለም ልጆች ሁሉ ደስተኛ እንዲሆኑ እንደሚፈልግ፣ ግን እንዴት እንደሚሆን እንደማያውቅ ይጨምራል። ስለ ምዋንዛ አይደለም የሚናገረው፤ ያጓጓዘው ራሱ ነው፣ የሚናገረውም ራሱ ነው። ዛውፐር አያቋርጠውም፣ ወደ ሌላ ሥዕልም አይዘልም። ሰውየው ጨርሶ ወደ ጎን እስኪያይ ድረስ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል።